ባዶ የሚመለሰው ሳህን

ባለፈው ሚያዝያ ለአንድ ጉዳይ ወደ ድሬዳዋ ሄጄ አውቶቡሱ እኩለ ቀን ላይ አወረደኝ። ድሬን የማያውቅ ሰው በዚያ ሰዓት ቢገባባት ከተማው በሙሉ ለቀብር የወጣ ይመስለዋል። ሱቁ ተከርችሟል፣ ባጃጁ ኒም ዛፍ ሥር ቆሟል፣ ሾፌሩ እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። እኔ ግን የዚያው ልጅ ነኝና አልደነገጥኩም። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድሬ ትተኛለች።

ሻንጣዬን እየጎተትኩ በድሮው ሰፈራችን ሳልፍ ከአንድ መስኮት የሩዝ ሽታ መጣ። ሄልና ቀረፋ ያለበት፣ ዘቢብ የገባበት ሩዝ ነው። ጠግቤ ነበር። መንገድ ላይ ሁለት እሽግ ብስኩትና ግማሽ ከረጢት ኦቾሎኒ ጨርሻለሁ፤ ጭንቀት ነው እንጂ ረሃብ አልነበረም፣ የጭንቀቱን ምክንያት ለራሴ ልተወው። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ግን እጄ ሳላዘው ወደ ቦርሳዬ ገብቶ የቀረውን ኦቾሎኒ ሲፈልግ ያዝኩት። እዚያው መንገዱ መሀል ቆሜ በራሴ ሳቅሁ። ይህ እጅ ይህን አመል የተማረው እዚሁ ሰፈር፣ በዚሁ ሰዓት፣ በዚሁ ሽታ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

የዚያን ዓመት ጥር እናቴ ልትወልድ ሆስፒታል ገባች። ወንድም ወይም እህት ይዛልኝ እንደምትመጣ ነግራኝ ስለነበር ከአሮጌ ካልሲ ኳስ ሠርቼ ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን አባቴ ደግፎ አስገባት። እቅፏ ባዶ ነበር።

«ሕፃኑስ?» አልኩ።

አባቴ እናቴን አስተኝቶ ተመለሰና ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ። «ወንድ ነው፣ ማሂ» አለኝ። «ትንሽ ስለሆነ ሆስፒታል አቆይተውታል። እናትሽ ስትበረታ እናመጣዋለን።»

«መቼ ነው የምትበረታው?»

«በደንብ ስትበላ።»

ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አባቴ በመልካ ጀብዱ መንገድ ባለ አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ መጋዘን ጠባቂ ስለነበር የሲሚንቶ አቧራ መሰለኝ። አባቴ ውሸት አያውቅም፤ ምናልባት ስላልለመደው ይሆናል ያንን ያህል ከባዱን የመረጠው።

ለቅሶ አልተቀመጡም። ክርስትና ላልተነሣ ሕፃን ድንኳን አይተከልም፤ እንዲህ ያለው ሐዘን ቤት ውስጥ ነው የሚያልቀው። የሰፈሩ ሴቶች የመጡት አራስ ሊጠይቁ እንደሚመጡት ገንፎና አጥሚት ይዘው ነበር። እናቴ አጠገብ ይቀመጡና «እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» ይሏታል። ያኛውን ከሆስፒታል ሳያመጡ ስለ ሌላ ማውራታቸው በጣም ገረመኝ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ብዬ ታዘብኳቸው።

ኢዶ ሐሊማ ግን እንዲህ አላለችም። ጎረቤታችን ነበረች፤ ግቢዋን ከግቢያችን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ሶማሌ ናት፣ ባሏ ሞቶባት ልጆቿ ጅቡቲ ገብተው ብቻዋን የምትኖር፣ ገበያ ውስጥ ልብስ የምትሸጥ ሴት። ኢዶ ማለት አክስት ነው። እሷ ደግሞ እኔን «ሆዮ» ትለኛለች፤ በቋንቋቸው እናት ማለት ሲሆን ልጃቸውንም በፍቅር እንዲያ ይጠራሉ። እኔ ይህን ስለማላውቅ ሴትዮዋ አማርኛው ሲጠፋባት የምትጠራኝ ይመስለኝ ነበር። በእኛ ከተማ አንቱታ ብዙም ስለሌለ እኔም «አንቺ» ነበር የምላት።

በእሷና በእናቴ መካከል ዕድሜ ልኩን የሚመላለስ ሳህን ነበር። ጠርዙ ሰማያዊ፣ መሀሉ ላይ የተላላጠ ቀይ አበባ ያለበት የቆርቆሮ ሳህን ነው። አንዱ የሌላውን ሥጋ ስለማይበላ ሥጋ አይላላኩም፤ ሌላው ሁሉ ግን ይሄዳል ይመጣል። የሳህን ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ባዶውን አይመለስም። ምንም ቢጠፋ ሁለት ሎሚ ጣል ይደረግበታል። የማመላለሱ ሥራ የእኔ ነበር።

ኢዶ ሐሊማ በመጣች ጊዜ በእናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ያንን ሕግ ሻረችው።

«ወይንሸት፣ ስሚኝ» አለቻት። «አሁን አራስ ነሽ። በየቀኑ ምሳ እልክልሻለሁ። ሳህኔን ባዶውን መልሺልኝ፣ ምንም እንዳታደርጊበት አቦ። ባዶ ከመጣ በልተሻል ማለት ነው። ሞልቶ ከመጣ ግን ወላሂ እኔ ራሴ መጥቼ ነው በእጄ የማጎርስሽ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሆዮ፣ አደራ።»

አደራውን ተቀበልኩ። ነገሩ በጭንቅላቴ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እናቴ ስትበላ ትበረታለች፤ ስትበረታ ሕፃኑ ይመጣል፤ መብላቷ የሚታወቀው በባዶ ሳህን ነው። ስለዚህ ሕፃኑን የሚያመጣው ባዶ ሳህን ነው። ዘጠኝ ዓመት ለሞላው ሰው ይህ እንደ ሒሳብ የጠራ ነገር ነበር።

ትምህርት ቤቴ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነበር፤ ፈረቃዬ የጠዋት። ድልድዩን ተሻግሬ፣ ደረቁን አሸዋ ከላይ እያየሁ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ቤት እገባለሁ። ቦርሳዬን ጥዬ የሲሚንቶውን ወለል ውኃ እረጨዋለሁ፣ ቀዝቀዝ እንዲል። ከዚያ ከአጥሩ ማዶ ኢዶ ሐሊማ «ሆዮ» ትላለች፣ ሄጄ ሳህኑን በሁለት እጄ አመጣለሁ። ሩዙ ይተናል፤ ካሮትና ድንች አለበት፣ ዘቢቡ ከሙቀቱ የተነፋ ነው። የሁዳዴ ጾም ሲገባም ለእኛ ስትል በዘይት ብቻ ትሠራው ነበር። እናቴ ብድግ ብላ ሁለት ማንኪያ ትቀምሳለች።

«እማ፣ ብይ እንጂ።»

«አልራበኝም፣ ማሂ። አስቀምጪው፣ በኋላ እበላለሁ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። በኋላ የሚባለው ሰዓት ግን አይመጣም። ሩዙ ቀዝቅዞ ይደርቃል፣ ዝንብ ይጀምረዋል፣ ኢዶ ሐሊማ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቋን ልትከፍት ስትወጣ ሳህኗን ትጠይቀኛለች። የመጀመሪያ ቀን ሳህኑን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁና በሩን ገርበብ አድርጌ በላሁት። የራሴን ምሳ በልቼ ስለነበር መጨረሻ ላይ እያቃተኝ ነበር። አበባው ሲታየኝ ግን ደስ አለኝ። አጥቤ መለስኩት።

«ማሻአላህ» አለች ኢዶ ሐሊማ። «ሁሉንም በላች?»

«ሁሉንም።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ ነበር፤ የቤት ሥራ እንደሚሠራ እበላ ነበር። ሥራነቱ መቼ እንደቀረ አላውቅም። አንድ ቀን እናቴ ትራሷን አፏ ላይ አድርጋ ስታለቅስ ሰማሁ። ሰፈሩ ሁሉ ተኝቷል፣ ቁራ እንኳን ዝም ብሏል፣ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ብቻ ነው። ሩዙን ሳኝክ ድምፁ ቀነሰ። አፌን ሳቆም ተመለሰ። ያን ቀን አንድ ትልቅ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ፤ ሰው ሲያኝክ ጆሮው አይሰማም። ሩዝ ጥሩ ነው፣ ቂጣ ይሻላል፣ ቆሎን ግን የሚያህለው የለም። ቆሎ እየቆረጠምኩ እናቴ ልታለቅስም ላታለቅስም ትችላለች፣ እኔ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሳህኑ ብቻ አልበቃኝም። ስኳር በእፍኝ፣ ቴምር፣ ትናንት የተረፈ ዳቦ። በቁም ሣጥኑ ላይ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነበር፤ ለሕፃኑ ተብሎ የተገዛ። ወንበር ላይ ወጥቼ በማንኪያ ቃምኩት። ላንቃዬ ላይ ሲጣበቅ ጾም መሆኑ ትዝ አለኝ፣ ግን ወተት በውኃ ካልተበጠበጠ ወተት አይባልም ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። የሕፃኑን ድርሻ መቃሜ ግን አሳቀቀኝ፤ ሲመጣ እተካለታለሁ አልኩ።

የዩኒፎርሜ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተበጠሰ። ሩጫ ላይ ትንፋሼ ያጥረኝ ጀመር። የክፍሌ ልጆች «በርሜል» አሉኝ፤ የሰፈር ሴቶች ደግሞ ጉንጬን ይዘው «እሰይ፣ ይቺ ልጅ ተመችቷታል» ይሉ ነበር። በእኛ ሰፈር የወፈረ ልጅ የደላው ልጅ ነው፤ ማንም ከዚያ አልፎ አያይም። እናቴ ቀሚሷ ውስጥ እየጠፋች ስትሄድም አራስ ነች፣ ደሟ ፈሶ ነው ተባለ። ሳህኑ በየቀኑ ባዶ እየተመለሰ ማን ምን ይጠረጥራል?

ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና እንደሚነሣ አውቅ ነበር። ስለዚህ አርባውን ቀን በግድግዳው ላይ በእርሳስ እያሰመርኩ ቆጠርኩ። በአርባኛው ቀን ከትምህርት ቤት ሮጬ መጣሁ፣ የሰንበት ቀሚሴን ለበስኩና በር ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም። እናቴ ያን ቀን ሁለቱን ማንኪያ እንኳ አልቀመሰችም፣ ጭራሽ አልተነሳችም። ጥፋቱ የእኔ መሰለኝ። ጥግ ላይ ፍሬ እየተረፈኝ ነው፣ በደንብ ባዶ አላደረግሁትም ብዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኑን በጣቴ እየጠረግሁ እልስ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ወለሉን ስረጭ እናቴ ውኃ ልትጠጣ ተነሳች። ጋኑ ጋ ሳትደርስ ጉልበቷ ከዳትና እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወደ ጎን ዘመመች። ብጠራት አትመልስም። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

በቀትር እንቅልፍ ሰዓት የሰው በር አይንኳኳም። በዚያ ሰዓት የሚያንኳኳ ወይ እብድ ነው ወይ መርዶ ነጋሪ ተብለን ነው ያደግነው። በኢዶ ሐሊማ በር ላይ እጄን አንስቼ ትንሽ ማመንታቴን ዛሬም አልረሳውም። ከዚያ በሁለት እጄ ደበደብኩት።

ኢዶ ሐሊማ ሻሽ ሳታስር ወጣች። እናቴን አይታ አልጮኸችም። መንገድ ላይ የተኛውን ባለባጃጅ «ወሪያ፣ ተነስ» ብላ በጥፊ ልትመታው ምንም አልቀራት፤ ተሸክመን አስገባናትና ጤና ጣቢያ ሄድን።

ነርሷ ግሉኮስ ከተከለችላት በኋላ የእናቴን ክንድ አንስታ አየችው። «ይህቺ ሴት ምን ትበላለች?» አለች።

«ትበላለች ወላሂ» አለች ኢዶ ሐሊማ። «እኔ ነኝ የምልክላት። ሳህኔ አንድ ቀን ሞልቶ ተመልሶ አያውቅም።»

ነርሷ እናቴን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ኢዶ ሐሊማም ዞራ አየችኝ፤ ቁልፉ የተበጠሰውን፣ በመርፌ ቁልፍ የተያዘውን ሸሚዜን። እጄን ይዛ ወደ ግቢው አወጣችኝና ግንብ ላይ አስቀመጠችኝ።

«ሆዮ፣ ሩዙን ማነው የሚበላው?»

ልትመታኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። «እኔ» አልኩ።

«ስለራበሽ?»

«አይ። ባዶ ካልሆነ ሕፃኑ አይመጣም። አባባ ነው ያለኝ። እማ ከበላች ከሆስፒታል እናመጣዋለን አለኝ። እሷ እምቢ ስትል እኔ በላሁላት።»

ኢዶ ሐሊማ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ሕፃኑ መሞቱን ታውቃለች፤ አባቴ ለእኔ የነገረኝንም ታውቅ ነበር፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር፣ አዝነውልኝ ነው ዝም ያሉት። በኋላ «እኛ ነን የበደልንሽ» አለች፤ ተነስታም ወደ እናቴ ይዛኝ ገባች።

«ወይንሸት፣ ልጅሽ የሆነችውን ስሚ» አለቻት። እኔም ደገምኩት።

እናቴ ያ ውሸት እንደተነገረኝ አታውቅም ነበር። መርፌ ያልተተከለበትን እጇን ዘርግታ ወደ አልጋው ሳበችኝ። «ወንድምሽ አይመጣም፣ ማሂ» አለችኝ። «ሲወለድ አላለቀሰም። ሞቶ ነው የተወለደው። ፀጉሩ ብዙ ነበር፣ ያንቺን ይመስላል። አባትሽ ነው የቀበረው።»

በጣም ነው ያዘንኩት። ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነበር።

«ያ ሁሉ ሩዝ ታዲያ?»

እናቴ ሳቀች። ከጥር ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነው። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ኢዶ ሐሊማም በሻሽ ያልተሸፈነ ፀጉሯን በእጇ ይዛ አለቀሰች። ነርሷ መጥታ ግሉኮሱ እንዳይነቀል ተቆጣችን። ያ ነው የወንድሜ ለቅሶ፤ ሦስት ሰው የተቀመጠው። ማታ አባቴ ሲሰማ ጫማውን ሳያወልቅ ብዙ ቆመ፣ «ውሸቱ ትንሽ መስሎኝ ነበር» አለ።

እውነቱ ሲወጣ መብላቴ ቆመ ብል ደስ ባለኝ። አልቆመም። እጄ ለምዷል። እናቴ በቀትር ዝም ስትል እንኳ ልታለቅስ ነው ብዬ ወደ ቆሎው እሄዳለሁ። አንድ ቀን ወንበር ላይ ቆሜ፣ የወተት ማንኪያው አፌ ውስጥ እያለ፣ ኢዶ ሐሊማ ገባች። ከወንበሩ አወረደችኝ፣ አፌን በእጇ ጠረገችልኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሳህን አልክም» አለች። «እኔ ራሴ እመጣለሁ፣ ሦስታችን ከአንድ ትሪ እንበላለን። ከዚያ ውጪ አፍሽ ከፈለገ መጀመሪያ በሬን አንኳኪ።»

«ተኝተሽስ?»

«ተኝቼም። ያኔ የደበደብሽው እንቅልፌን ገደለው እንዴ? እነሳለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ሦስቱንም ጊዜ ተነሳች፤ አንዴም ምን ልስጥሽ አላለችኝም።

«ምን ሆንሽ?» ነበር የምትለኝ።

«እማ ጣሪያውን ብቻ ታያለች።»

«ሌላስ?»

«ፈራሁ።»

«ግቢ።»

ምንጣፏ ላይ አስቀምጣ ለገበያ የምታዘጋጃቸውን ልብሶች እንዳጣጥፍላት ትሰጠኛለች። አንዳንዴ «ርቦኛል» እላታለሁ። እሺ ትልና የትናንት ደረቅ ቂጣ ታመጣለች፣ ሌላ ምንም የሌለው። «ይህን ከፈለግሽ ርቦሻል፣ ብይ። ሐላዋ ብቻ ካሰኘሽ አልራበሽም፣ ተናገሪ።» አንዳንድ ቀን ቂጣውን እስከ ፍርፋሪው እበላዋለሁ፣ እሷም ሻይ ትጨምርልኛለች። ብዙውን ቀን ግን ቂጣው እዚያው ይቀመጥና እኔ ማውራት እጀምራለሁ። ስለ ወንድሜ ፀጉር፣ «በርሜል» ስለሚሉኝ ልጆች፣ ስለ ካልሲው ኳስ። ልብሱ ታጥፎ ሲያልቅ ወደ ቤት እሄዳለሁ፣ ቆሎው ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ቀንም ነበር።

እናቴም ትሪው ላይ እንግዳ ተቀምጦ እጇን መሰብሰብ አፈረች። መጀመሪያ ለይሉኝታ ቆረሰች። በኋላ ኢዶ ሐሊማ ስለ ገበያ ወሬ ስታወራት እየረሳችው ትበላ ጀመር። እኔ ጉርሻዋን እቆጥር ነበር፤ አሥር ሲያልፍ መቁጠር አቆምኩ።

ሆሳዕና ሊደርስ ሲል አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታችን የዘይት ሽታ ሸተተኝ። እናቴ ጓዳ ውስጥ ቆማለች። የሽምብራ ዓሣ እየሠራች ነበር። የሽምብራውን ሊጥ በዓሣ ቅርፅ ቆርጣ፣ በክብሪት እንጨት ዓይን አውጥታላቸው፣ ጠብሳ ቁሌቱ ውስጥ ትከታቸዋለች። ከጾም ምግብ ሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ እሷም ታውቃለች። ተቀምጠን በላን። ሦስት በላች፣ አየኋት። እኔም ሦስት በላሁ።

ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ ያንን ባለ አበባ ሳህን አወረደች። ኢዶ ሐሊማ ሳህን መላክ ስታቆም እኛ ቤት ቀርቶ ነበር። ዘጠኝ ዓሣ ደረደረችበት፣ ቁሌት አፈሰሰችበት፣ በሌላ ሳህን ከደነችው።

«ለኢዶ ውሰጂላት» አለችኝ። «ሳህን ባዶውን አይመለስም።»

ከበራችን እስከ በሯ ሠላሳ እርምጃ ነው። ሳህኑ ይሞቃል፣ ሽታው በክዳኑ ሥር ይወጣል። ለሁለት ወር በእጄ ያለፈ ሳህን ሁሉ በአፌ ነው ያለፈው። በሮቻችን መሀል ካለው ኒም ዛፍ ሥር ስደርስ ቆሜ ሆዴን ሰማሁት። ምንም አላለኝም። መንገዴን ቀጠልኩና በእግሬ ጫፍ በሯን አንኳኳሁ። የቀትር እንቅልፍ ሰዓት ነበር።

ኢዶ ሐሊማ ከፈተች። ሳህኗን ስታየው ሰማያዊውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፣ ክዳኑን አነሳች።

«ስንት ናቸው?»

«ዘጠኝ።»

ቆጠረቻቸው። «መንገድ ላይ አልነካሽም?»

«አልነካሁም።»

«ለምን?»

«አልራበኝም» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። ይህችን ቃል ከእናቴ አፍ ስንት ቀን እንደሰማኋት ምንጣፏ ላይ ተቀምጬ ነግሬያት ነበር። ጎንበስ ብላ ዓይኔን፣ ጉንጬን፣ ከንፈሬን መረመረችኝ።

«እውነት ነው ኢዶ» አልኳት። «ከእማ ጋር በልተን ነው የመጣሁት። ሦስት ሦስት።»

ኢዶ ሐሊማ «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ድምፅ ሳታወጣ። ከዚያ እዚያው በሯ ላይ እንደቆመች፣ ቁሌቱ በእጇ እየወረደ፣ አንዱን ዓሣ አነሳችና ከጭንቅላቱ ጀመረችው።